አረንጓዴው ሽቦ

ጥር ነው በኦስትራቫ። ጉድጓዱ ተዘግቷል፣
የከሰሉ ማማ መንኰራኵሩ ቆሟል፤
ሄድቪካ ግን ማታ፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ፣
የኮምፒውተሯን ሆድ ከፍታለች መብራት ላይ።

ካርዲቱን የገዛች ከካርቪና መጋዘን፣
ከሳንቲም ቆፋሪ፣ ከከሰረ ወገን፤
አቧራዋን ጠርጋ፣ በብሩሽ አባብላ፣
ከታላቋ ጎን ላይ ሰካቻት አስተካክላ።
ገመድ ግን አልበቃም። አንዱን ለሁለት ከፍላ፣
በመንታ ማገናኛ የኃይል መጋቢውን አታላ፣
አበራች። በራላት። ትንሽ ጠበቅ አረገች፤
ሥዕሉን አዘዘች፣ ፊልሙን ጀመረች፤
ማራገቢያው ጮኸ፤ ቁጥሩ አሻቀበ፤
ቀጭ!
ስክሪኑ ጠቆረ፤ ፀጥታ ከበበ።

ደግማ ሞከረች። ደግሞ ቀጭ።
በሦስተኛው ሽታ፣ አፍንጫ የሚቆርጥ እንደ ምላጭ።
(ይህን የነገረችኝ ራሷ ሄድቪካ ናት፤
ምላጩን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩባት።)

አሎይዝ ከፈተ፣ ሹራቡን ገልብጦ፤
ሠላሳ ሁለት ዓመት ከምድር ሥር ሰምጦ
ለፓምፕ፣ ለአሳንሰር መብራት ያበላ ሰው ነው።
«ምን አቃጠልሽ?» አላት፤ «ይሄማ ገመድ ነው።»

ካርዲቱን አገላብጦ፣
«ከየት ናት?» «ከአንድ ቆፋሪ።» «ከየትኛው ጉድጓድ?»
«ጉድጓድ የለም። ሳንቲም ነው። መደዳ ሙሉ ካርድ።»
«ሲያስል ሰምተሽዋል? ሳንባው ጤና ከሆነ፣
እሱ ቆፋሪ አይደለም።» ሳቀ። ወዲያው ኮስተር ሆነ።

መነጽሩን አጥልቆ ልጥፉን አየና፣
«አምስት መቶ ዋት! ይሄ የገበያ ዝና፤
እውነቱ ከታች ነው፣ በደቂቅ ፊደል፣
አሥራ ሁለት ቮልት ላይ፣ በአምፔር ሲደለደል።
ካርዷ ሁለት መቶ ሃያ፤ እህቷም እንዲያው፤
አንጎሉ መቶ ይጠጣል፤ ዲስኩ፣ ንፋስ ሰጪው፣ ሌላው፤
ስድስት መቶ ሊሞላ! ይሄ ምስኪን በምን አቅሙ ያምጣው?
የአንዲት ላም ወተት ነው፤ ጥጆች ግን ሁለት ናቸው፤
መንታ ማገናኛ ወተት አይጨምርላቸው።»

«አዲስ ብገዛስ?» «ደመወዝሽ መቼ?» «በወሩ መጨረሻ።»
«ፊልሙስ?» «ዓርብ።» «እንግዲያ ነይ፣ ወደ ቆሻሻ።»

ምድር ቤት ወረዱ። ከተሰበረ ጋሪ ጀርባ፣
ከቢሮ የተጣለ ሣጥን፣ የአቧራ ካባ፤
ሆዱን ፈቶ አሎይዝ መጋቢውን ወሰደ፣
እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ሽቅብ ተራመደ።

ከማዘርቦርድ የራቀ መጋቢ አይነቃም፤
ጥሪ ነው የሚጠብቅ፤ ብቻውን አይሠራም።
ሃያ አራት ቀዳዳ አለው የማገናኛው ጫፍ፣
አንዱ አረንጓዴ ነው፤ እሱ ነው የጥሪው አፍ።
«ከጎኑ ካለው ጥቁር ጋር አጋቢያቸው» አላት፤
የወረቀት አግራፍ አቃንቶ ሰጣት።
«ሶኬቱ ግን ይነቀል! ሁልጊዜ። ሁልጊዜ።
የረሳ አውቅ ነበር...» ዋጠው በትካዜ።

ሽቦው ጎበጠ፤ ገባ፤ በጥቁር ፕላስተር ታሸገ፤
ሁለቱን ብረት በአንድ ብሎን አስሮ መሬታቸውን አንድ አደረገ።
«ይሄኛው ይቅደም። እሺ። አሁን ያንን።»
ዞረ። ያም ዞረ።
ቁጥሩ አሻቀበ፤ አሻቀበ፤ ስክሪኑ ግን በርቶ አደረ።

ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር፣ ሥዕሉ ወረደ፦
ጣራ። የጭስ መውጫ። ያዘመመ ግድግዳ።
ዶልኒ ሉኪ፤ ከሥሩ ከሰሉ ሲወጣ
መሬት የዋጠው ሰፈር፣ የሰው ሳሎን፣ የሰው ጓዳ።
ከአሮጌ ፎቶ ለቅማ ለሙዚየም ያነፀችው ነው።
አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም ነበር፤
ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው፣ በሦስተኛው በር።

ጣቱን ስክሪኑ ላይ አኖረ። አልተንቀጠቀጠም።
«ቆንጆ ነው። እጀታው ግን በግራ ነው። እንዲህ አልነበረም።»

ሥራውን አቆመች፤ የሁለቱም ማራገቢያ ድምፅ ዝግ አለ፤
እጀታውን አዞረች።
«አሁንስ?»
«አሁን ክፈቺው» አለ።