እደግ ተመንደግ

ፍራንኮ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣
አራት ዓመት ኬሚስትሪ የተማርኩት ባለሱቅ ልሆን።
ነሐሴ ሲጋመስ ጋሽ ሁሪሳ መጡ ከቦኩ፣
በቦቲ ጭቃቸው ሲሚንቶዬን እየለኩ።

«ቱፎርዲ፣ አንድ ሊትር። አራሚ ጠፋ ዘንድሮ፣
ያራሚው ልጅ ሁሉ ባጃጅ ላይ ነው፣ ውሎ አድሮ።
ግን ንገሪኝ እስቲ፤ ጤፉን ትቶ መጩን የሚጥለው
ዓይን አለው ወይ? ማንን ከማን ነው የሚለየው?»

በደረሰኝ ጀርባ ሣልኩላቸው በእስክሪብቶ፤
ስድስት ካርቦን፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ቀለበት ሠርቶ፣
ሁለተኛው ላይ ክሎሪን፣ አራተኛው ላይ ሌላ፣
ስሙም የወጣው ከዚያ ነው፤ ከቀለበቱ ኋላ
በኦክስጅን ድልድይ የተንጠለጠለች
የኮምጣጤ ዘመድ፣ ጅራት የመሰለች።

«ይኼስ አልገባኝም» አሉ።
እኔም የገባኝ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ነው።

«እንግዲህ» አልኳቸው፣ «አይቆርጥም፣ አያቃጥልም፤
አረሙን ይመርቃል።
ተክል በገዛ ገላው ‹እደግ› የሚል መልእክት አለው፣
ሲበቃው ራሱ ዝም የሚያሰኘው።
ይኼኛው ድምፁን አስመስሎ ይገባል፣
‹እደግ ተመንደግ› ይላል፣
ይላል፣
ይላል፣
አሜን የሚባልበት ፋታ የለም።
ግንዱ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣
ሥሩ ሳይሰማ ቁመቱ ይቀድማል፣
መጭ በምርቃት ይሞታል።
ጤፍ ሣር ነው፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።»

ዝም አሉ። ፊት ለፊታችን
በባሕር ዛፍ ርብራብ የታሰረ ፎቅ ሰባተኛውን ሊጀምር ነው።
«አምና ካስማው ከመንገዱ ማዶ ነበር፣
ዘንድሮ ከማሳዬ ዳር።
ይኼን ከተማስ ማን መረቀው?»
ሒሳባቸውን ቆጥረው ከፈሉ።

«ጠዋት ይርጩ፣ ነፋስ ሳይነሣ» ብዬ ነበር።
የተዋሱት መርጫ ግን ተራው የደረሳቸው
ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ጋራው ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች
ክንዳቸውን ሲያወራጩ ነው።

በሳምንቱ አዴ ዲንቂ መጡ፣ ከታችኛው ማሳ፣
በፌስታል የቲማቲም ቅጠል ይዘው፣
እንደ ጨቅላ ጡጫ የተጨበጠ።
«ምን በሽታ ነው? መድኃኒቱን ስጪኝ።»
ወሰኑን ድንጋይ ያውቀዋል፣ ነፋስ አያውቀውም፤
ለምርቃት ደግሞ መድኃኒት የለኝም።
ነፋሱን ነገርኳቸው። ግማሹን እውነት።
«ቲማቲም አጠገብ አይረጭ» ይላል ጠርሙሱ፣
በባዕድ ቋንቋ፣ በደቃቃ ፊደል፤
እኔ ለጋሽ ሁሪሳ ያነበብኩት ልኩን ብቻ ነበር፣
ስንት ክዳን ለስንት ውኃ።

ታኅሣሥ ላይ ተመለሱ።
«መጩስ ሄደ፤ ሙጃው ግን ከጤፉ በላይ ቆሞ ከረመ።»
«ሙጃም ሣር ነው» አልኩ።
«የመሰለ ይተርፋላ!» ብለው ሳቁ፤
ሳቁ ፊታቸው ላይ አልቆየም።
ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከጋሪ አወረዱ፤
«ለዲንቂ ስጪልኝ። እኔ ዓይኗን ማየት አልችልም።»

እህል ከመርዝ ጋር አይቀመጥም፣
ይህንንም ጠርሙሱ ይላል።
ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት።
አዴ ዲንቂ እስኪመጡ
ቆሜ እሸጣለሁ።