ምዕራፍ አንድ፣ ደቻቱ ዳር

ከቀኑ በስምንት፣ ድሬ ስትጋገር፣
ገባሁ ላስተምራቸው የዓለምን ነገር።
ማራገቢያው ቆሟል፣ መብራት የለም ዛሬ፤
ዝንብ ብቻ ያወራል የመስኮቱን ወሬ።
«ሉዓላዊነት» ብዬ ጻፍኩኝ በትልቁ፤
የፊቶቹ ገለበጡ፣ የኋላዎቹ ሳቁ።

«ሀገር ማለት» አልኩኝ «ወሰን ያለው መሬት፣
ሕዝብና መንግሥት፣ ሌሎች የሚያውቁለት፤
ከበላዩ ጌታ፣ ከጎኑ ዳኛ የሌለው፣
እንደ ፑል ቤት ኳስ ሲጋጭ የሚውለው።»

ከመስኮቱ አጠገብ ሂቦ እጅ ሰቀለች፣
«ወሰኑ የቱ ጋ ነው፣ መምህር?» አለች።
«እናቴ ታይዋን ነው አንሶላ የምትሸጥ፣
ከደወሌ ድሬ በሌሊት የምትሮጥ።
ኬላ የቆመው ልጅ የሚያውቃት ከሆነ፣
ወሰኑ እንደ ጉም ነው፣ ታየና በነነ።
አዲስ ሰው ከቆመ፣ ደወሌ የነበር፣
መጥቶ አልጋችን ሥር ያድራል ያ ድንበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ቆሜአለሁ፣
ያነበብኩትን ሁሉ በልቤ እገልጣለሁ፤
አራት ዓመት ዲግሪ፣ ሁለት ዓመት ማስተርስ፣
አንድ የግርጌ ማስታወሻ እሷ ሱቅ አይደርስ።

ከኋላ ሚስባህ ቀጠለ፦ «አያቴ ለገሃር፣
ብሎን ሲያጠብቅ ኖረ ከፈረንሳዮች ጋር፤
ከቋንቋቸው መርጦ ስድቡን ነው ያወቀ፤
ውሉን ማን እንደፈረመው ሳይነግሩት ዘመኑ አለቀ።
መምህር፣ በእርስዎ ፑል እሱ ምኑ ነበር?
ኳሱ? ዱላው? ወይስ የጠረጴዛው ጨርቅ?»

መልስ የለኝም።
ኮዳዬን አንሥቼ ውሃ ጠጣሁ፣ ሙቅ።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል አልገባንም፤
ድልድዩ ላይ ቆምን። ደቻቱ ውሃ የለውም።
አሸዋ፣ የፍየል ዱካ፣ ኳስ የሚያባርሩ ልጆች፣
ወዲያ ማዶ መጋላ፣ ወዲህ የከዚራ ዛፎች።
ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አንድ ደመና የለም።
«እዚህ ባይዘንብም» አልኩ «ጎርፉ ግን አይቀርም፤
ዝናቡ ከላይ ነው፣ ደንገጎ ላይ የሚጥል፤
እዚያ ሰው ዣንጥላ ሲዘረጋ፣ እዚህ ቤት ይነቀል።
ታዲያ ማን ይከሰስ? ተራራው? ደመናው?»
«ወንዙ ውስጥ ቤት ሥሩ ያለን ሰውዬ ነው»
አለ አንዱ፣ ፊቱን ሳያዞር።
ማንም አልሳቀም።
ማስታወሻ ደብተር ያወጣ አላየሁም።

ፈተናው ላይ ጻፍኩ፦ «ድንበር ምን ማለት ነው? (አምስት ነጥብ)»
ሂቦ መልሷ አንድ መስመር፦ «ዛሬ ተረኛው ማን ነው?»
አራት ሰጠኋት።
አንዷን ለምን እንደቀነስኩ
እስካሁን አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ታይዋን ወረድኩና
አንሶላ ገዛሁ፣ አበባ ያለበት።
ሴትዮዋ አየችኝ፣ ከላይ እስከ ታች፣
«የልጄ አስተማሪ» ብላ
እሷም ቀነሰችልኝ።
እሷ ግን ለምን እንደሆነ ታውቃለች።