ጅሬን ሰባት

ሰኔ ነው፤ ሌሊት ነው፤ ጅማ ላይ ዝናቡ
ቆርቆሮ ደልቆ ሲያልቅ አዌቱ ነው ግቡ።
እኔ ላብራቶሪ፣ ካሮጌው ሰርቨር ጋር፣
ሻይ በፔርሙስ ይዤ፣ እሱ ሲያቃስት ላድር።

"ሺህ ከሁለት መቶ ጥቅል ላድስ?" አለኝ።
አዎ አልሁት።
አንዱን ግን ዘለለው፤ "የእኔ አይደለም" ብሎ ወደ ጎን ጣለልኝ።

ከርነሉን። አስኳሉን።
ነዚፍ አባ ገሮ በእጁ ያበጀውን።

ደም ቆጣሪው ማሽን ካርዱ ያረጀ ነው፣
የመጣ ከርነል ሁሉ "አላውቅህም" የሚለው፤
ነዚፍ ግን አወቀው።
ስምንት ዓመት ሞላ። ከስሙ ጫፍ ላይ "ጅሬን ሰባት" ብሎ ጻፈ፤
ስድስቱ አልነሣ ብለው መቅረታቸውን
ቁጥሩ ይናገራል።

አሁን አጋሮ ነው፣ ሲሚንቶ ያስጭናል።
ስደውልለት ሳቀ፦ "እስካሁን ነፍስ አለው?" ይለኛል።
"ኢክራም፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የራስሽን ሥሪ፤
የቅንብሩ ፋይል እዚያው ነው፤ ከእሱ ጀምሪ።"

ጀመርኩ። የአዲሱ ኮድ ጥያቄ አያልቅም፦
የጌም መሪ አለሽ? አይ። የቴሌቪዥን ካርድ? አይ።
የመርከብ ራዳር? ኧረ አይ፤
መርከብ ማን አይቶ ያውቃል አዌቱ ላይ?
አይ፣ አይ፣ አይ፤ ጣቴ ለምዶ ሊያልፍ ሲል
አንዲት መስመር አየሁ፤ ከላይዋ ነዚፍ ጽፏል፦
"ይህችን አትንኳት። ለምን እንደምትሠራ
እኔም አላውቅም።"

አልነካኋት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ጥበቃው ጋሽ ላቀው ጆንያ ተከናንቦ
ጄኔሬተሩን አስነሣው፣ ሦስቴ ተሳድቦ።
ሥራው ከቆመበት ቀጠለ። ሻዬ ግን በርዷል።

ጅሬን ስምንት ተነሣ፤ ወደቀ።
ጥቁር ስክሪን፣ ጠቋሚው ብቻ ብልጭ፣ ብልጭ።
ዘጠኝንም እንዲሁ ቀበርኩት።
አሥረኛውን፣ አዛን ሲል፣ ፊቴን አዙሬ አስነሣሁት፤

ቆጣሪው ጠቅ አለ።

ሰባትን አላጠፋሁትም፤ ከምርጫው ሥር ተኝቷል፤
ልጅ የሳተ ዕለት አባት ይጠራል።

ጠዋት ወረፋው ሞላ። አንድ የባጃጅ ሾፌር
ክንዱ ላይ ጥጥ ይዞ፣ ትኩሳቱ ከሩቅ የሚታይ፣
"ውጤቱ ቶሎ ይደርሳል?" አለኝ።
"ይደርሳል" አልሁት፤ በልቤ ዱዓ እያደረግሁ።

ከዚያ ፋይሉን ከፍቼ፣ ከነዚፍ ቃል ሥር
አንድ መስመር ጨመርኩ፦
"እኔም አላውቅም። ኢክራም።"