የኦድቫር ስም

ትሮምሶ ላይ ጀንበር ከጠፋች ወር ሆኗት፣
ሲግሩን ከምድጃው ፊት እንቅልፍ አምልጧት፣
ቅቤውን ከስኳር ስትመታ፣ ስትመታ፣
ጎረቤት ግድግዳ አንኳኳባት ማታ።

ነገ ነው ኦድቫር ጡረታ የሚወጣው፣
የዓሣ ፋብሪካውን የሚሰናበተው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ፎርክሊፍት የነዳ፣
ከ«እሺ» ሌላ ቃል ካፉ የማይቀዳ።

ክሬሙን ቀብታ፣ እንጆሪ ደርድራ፣
ስሙን ጻፈችበት ቸኮሌት አንቆርቁራ፤
«ኦ» ገዝፋ ተጽፋ ቦታውን ጨረሰች፣
«ር» በኬኩ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ጠዋት አውቶቡሱ በረዶ ላይ ሲንሸራተት
ካርቶኑን ታቀፈች፣ እንደ ጨቅላ ሳስታለት።
ደርሳ ስትከፍተው እንጆሪው ተንሸራቶ፣
ስሙ ግን አለ፤ ትንሽ ተጣሞ፣ ትንሽ ሰፍቶ።

ቢላ የሚይዝ ጠፋ። ስም እንዴት ይቆረጣል?
ሃያ ሰው ቆሞ እርስ በርስ ይተያያል።
ኦድቫር ጓንቱን አውልቆ ቢላውን ተቀበለ፤
«ይሄን ስም የማየው ፈረቃ ሰሌዳ ላይ ነበር» አለ፣
«ጣፋጭ መሆኑን ግን
ማንም አልነገረኝ።»

ፊደል በፊደል ቆርሶ ለሁሉም አደለ።
የመጨረሻዋን፣ ጠርዝ ላይ የቀረችውን፣
ለሲግሩን ዘረጋላት፦
«እንቺ» አላት፣ «ስሜን።»