የደምለው ግድግዳ

ጎንደር ሳትነቃ፣ ከማራኪ በላይ፣
የደምለው መዶሻ ይጠርባል ድንጋይ።
ሲሚንቶ ተወዶ ሥራው ቆሞ ነበር፣
ሁለት ክረምት ሙሉ ፍየል ሲግጥ ከበር።
ታፔላው «የሜታቦሊክ ጤና ምርምር ማዕከል» ይላል፤
ለደምለው ረዘመው፤ «የልጆቹ ቤት» ይለዋል።

እኛም እስከዚያ ድረስ፣ ሰባት ጀማሪዎች፣
በጠባብ ኮሪደር ያንድ ፍሪጅ ዘበኞች፤
ሌት መብራት ሲጠፋ ናሙናውን ይዘን፣
ደም ባንክ እስክንደርስ ዳገቱን ሮጠን፣
የማናውቀውን ሰው እንደ ጨቅላ አቅፈን።
ማስተዋል ትስቃለች፦ «ይኸ ነው ምርምር!
ሁለት ዲግሪ ይዞ በረዶ ማሻገር።»

ዛሬ ግን ደምለው
ጫማውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ፣
አየሁት ቁስሉን ከጨርቁ ሲያመልጥ።
«ሚስማር ነው» አለኝ፣ «የወጋኝ በቀደም።
ደግነቱ» አለኝ፣ «አልተሰማኝም ምንም።»
እኔን ግን የወጋኝ ይኸው ነው፦ «ምንም»።

ጣቱን ወጋሁና ቁጥሩን አነበብኩት።
«ስኳር ነው» አልኩት።
ሳቀ፦
«ቀበሌ ተሰልፌ ሩብ ኪሎ ያጣሁት፣
በየት በር ገብቶ ነው ደሜ ውስጥ ያገኘሁት?»

መጽሐፌ የሚያውቀው የደላውን ገላ፤
የደምለው ቀበቶ ይተርፋል ለሌላ።
መልስ አልነበረኝም።
በከሰል ስባሪ ጥያቄውን ጻፍኩት፣
ልስን ባልነካው ግንብ፤ እሱን አልጋ አስያዝኩት።

ማታ ረዳቱ ግድግዳውን ለስኖ፣
ጽሑፉን ዞሮታል፣ ዙሪያውን ሸፍኖ።
«ይህችን ለምን ተውካት?»
«ደምለው ላከብኝ፦
‹መልሱን ሳያገኙ እንዳትለስንብኝ።›»