ፊኛ

የጣርማበርን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጣ፣
እንድሪስ ከሮቢት ሽንኩርት ጭኖ መጣ።
ደብረ ብርሃን ሲደርስ ከጎሚስታ ቤቴ ደጃፍ ላይ አቁሞ፣
"ሞተሩ ያለቅሳል፣ ና እስኪ ስማው!" አለኝ ተገርሞ።
የኔ ሥራ ጎማ ነው፤ ሞተር አላውቅም፤
ቢሆንም ለቅሶ ሰምቶ ሰው ዝም አይልም።

ኮፈኑን ገለጥን።
ከራዲያተሩ ኋላ፣ ከችንጋው ሥር ወድቃ፣
ግማሿ ግሪስ፣ ግማሿ ድመት፤
ዘጠና ኪሎ ሜትር አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ የሰለለባት።
የፊት እግሮቿ ያዙኝ። የኋላዎቹ ግን እንደ እርጥብ ገመድ
ተንጠልጥለው ቀሩ፤ ረስተዋል መራመድ።
"ሙቀት ፈልጋ ገብታ ነው" አለ እንድሪስ፣ ራሱን ይዞ።
ሽንኩርቱ እንዳይበሰብስ ሄደ።

ከብት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት በጃኬቴ ኪስ፤
ሰልፉ በግ ነው፣ ወይፈን ነው፣ አንድ አህያ ደግሞ የሚያነክስ።
ባለተራው ሁሉ ኪሴን እያየ ሳቀ።
ዶክተር ምንትዋብ አልሳቀች።
አከርካሪዋን በጣቷ ቆጥራ ቆጥራ አንድ ቦታ ቆመች፦
"እዚህ ጋ ተበጥሷል። ከዚህ ወዲያ ወሬ አያልፍም፤
እግሯን አታዝም፣ ሽንቷን አታዝም።
መርፌ አለ" አለች ደግሞ፣ ዓይኗን ከኔ አዙራ። "አያማትም።"
"ሌላስ?"
"ሌላው አንተ ነህ።
በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሌሊትም ተነሥተህ፣
ዕድሜዋን ሙሉ፣ ፊኛዋን ጨምቀህ።"

ፊኛ ስትል የልደት መስሎኝ፣ ባለ ቀለሙ፣ በክር የሚያዝ፤
ለካ በያንዳንዳችን ሆድ አለ፣ ካላስተነፈሱት የሚሆን መዘዝ።
ጣቴን ይዛ አሳየችኝ፤ ልክ እንደ ፕሪም፣ ከቆዳው ሥር የሚንሸራተት።
"ቀስ ብለህ። ካጠበቅክ ይፈነዳል፤ ከተውከው ይመርዛታል።"
ሃያ ስድስት ዓመት ጎማ ስነፋ የኖርኩ፣
"ከበዛ ይፈነዳል፣ ካነሰ ይበላል" እያልኩ፣
ያን ቀን ማስተንፈስ ተማርኩ።

ስሟን ችንጋ አልኳት።
"ሸዋንግዛው ለየለት" አለ ሰፈሩ ከእንቅልፉ ሲነቃ፤
"ለድመት ሽንት ተቀጠረ፣ እንደ ፋብሪካው፣ በሦስት ፈረቃ!"
እውነት ነው።
መሃል ሜዳ አጎቴ ሲሞት በኪሴ ይዣት ሄድኩ ለለቅሶ፤
ሰዓቷ ደርሶ
ከድንኳኑ ወጣሁና ተንበረከክሁ ከአጥር ሥር፤
"ሐዘኑ ጸናበት" አሉ ሲያዩኝ።
ከእንባ የሚሞቅ ነገር
በጣቶቼ መሃል ይወርድ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሽንቷ ደም ሆነ።
ዶክተሯ የበጉን መድኃኒት ለድመት ልክ በመዳፏ ላይ በእስክሪብቶ አካፈለች፤
ችንጋ ወተት ዘጋች፣ ሦስት ቀን።
በሦስተኛው ሌሊት በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መርፌውን አሰብኩት፤
አልዋሽም፣ አሰብኩት።
ስልክ ደወልኩ። መጥራት ሲጀምር ዘጋሁት።
ሊነጋጋ ሲል ፊኛዋን ስፈልግ አውራ ጣቴን ነከሰችው።
ደሜን አይቼ ተመስገን አልኩ።

አሁን ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀድጄ ሱሪ ሰፍቼላታለሁ፤
ሲሚንቶው ላይ ስትጎተት ሽው ሽው ሲል እሰማለሁ።
እንቅልፏ ቸርኬ ውስጥ ነው። ክሪክ ትፈራለች።
ደንበኛ ቢያስቀይመኝ ጫማው ላይ ትተኛለች።

ኅዳር ላይ እንድሪስ መጣ፤ የዱቄት ወተት በፌስታል አንጠልጥሎ።
ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ኮፈኑን ሁለቴ በቡጢ ይመታል ዛሬ፤
"ማን አለ?" ይላል ጎንበስ ብሎ።
"ስንት ዓመት ትኖርልሃለች?" አለኝ፣ አገጯን እያሻሸ።
ጎማ ሸጬ አውቃለሁ፤
ኪሎ ሜትር ግን ሸጬ አላውቅም።
"ያንተ የኋላው ጎማ ይቆይልኝ" አልኩት፣ "እጄን ልታጠብ፤
ሰዓቷ ነው።"