ሰረዝ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በዚህ ጠባብ ክፍል፣
የትምህርት ቤቱን ሳንቲም ስደምር፣ ሳካፍል፣
አንዲት መደብ አለች፣ በቅጹ ግርጌ ላይ፣
ከጥበቃው ጫማ፣ ከሳሙናው በታች፣ እምብዛም የማትታይ።
«ሥዕልና ሙዚቃ» የሚል ነው ስሟ፣
ባዶ ነው ከፊቷ፣ አይፈታም ጾሟ።
እኔም በየሰኔው፣ ማስመሪያ አስጠግቼ፣
አንዲት ሰረዝ ሠርቼ
አልፋለሁ።
እጄ ለምዶታል። ሰረዝ አይጎድልም፣
ሰረዝ አይሰረቅም፣
ኦዲተር ቢመጣ «የት ገባ?» አይልም።

መምህር ሌዳሞ በየወሩ መጥቶ በሬ ላይ ይቆማል፣
ኮቱ ኖራ ለብሷል፣ ጣቱ ከስሏል፣ ድምፁ ይለሰልሳል።
«ወረቀት?»
«የለም።»
«ቀለም?»
«የለም።»
«ያለቀ ማርከር፣ የተራረፈ ጠመኔ?»
«ሂድ አንተ ሰውዬ፣ ምን ልሁንልህ እኔ!»

ሰባ ሦስት ልጅ አለው፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠዋት፣
በሳምንት አርባ ደቂቃ፤ እሷንም ሒሳብ ይወስዳታል ፈተና የደረሰ ዕለት።
ቢሆንም አስተማራቸው፦
የተሰበረ ጡብ ፈጭተው ቀዩን እንዲያወጡ፣
ከጎሚስታው ደጃፍ ጥቁሩን እንዲያመጡ፣
ከአሞራ ገደል የዓሣ ቅርፊት ለቅመው፣
ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ በሙጫ አጣብቀው፣
ካርቶን ላይ ሐይቅ እንዲያበሩ።
ቢሮዬ ድረስ ይሸታል። ተው አላልኩትም።

ያኔ ሰባተኛ «ለ» ነበረች፣ ስሟ ምንታምር፤
እናቷ ፓርኩ ውስጥ፣ በሌሊት ፈረቃ፣
የሰው አገር ሸሚዝ ቁልፍ ስትደረድር፣
ልጅቷ ታናሾቿን አስተኝታ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል
ዘበኛ ትሥላለች፣
ዱላ ታስይዘዋለች፣
ከዚያ በኋላ ነው እሷም የምትተኛው።
ይህን የነገረኝ ሌዳሞ ነው። እኔ ቤታቸውን አላውቀውም።

አምና ሰኔ ላይ ፕሪንተሩ ታመመ፣
አንዱን ቅጽ ሁለቴ፣ ሦስቴ እየደገመ።
ትርፉን ለሌዳሞ ሰጠሁት፤ «ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ሣሉበት» ብዬ።
እሷ ግን ጀርባውን አልፈለገችም።
ፊቱን ገለበጠች።
ከግርጌ ሰረዜን አየች።
አየችና ሳቀች።
«ይሄማ ሐይቅ ነው» አለች።

በሰረዜ ላይ ታንኳ አስቀመጠች።
በታንኳው ላይ ሽማግሌ፣ የተተረተረ መረብ የሚቋጥር፣
ከዳር አባ ኮዳ፣ አንገቱን የቀበረ፣ ቁርጥ እንደኛው ርዕሰ መምህር።
ከኋላ ታቦርን አቆመች፤ ጫፉ ሳሙናውን አልፎ፣
የጥበቃውን ጫማ እስኪነካ ድረስ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ማኅተም ስመታ፣ ሳላይ፣
ያንን ቅጽ ከዋናው ቀይጬ ላክሁት ወደ ላይ።
ትዝ ያለኝ ማታ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ፤ ላብ አጠመቀኝ።
አርባ ቀን ስልክ በጮኸ ቁጥር ደነገጥኩ።
በነሐሴ ተመለሰ።
ሦስት ፊርማ፣ አንድ ክብ ማኅተም፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ታይቷል።»

ማን አየው?
ማኅተሙ ያረፈው ሽማግሌው ደረት ላይ ነው።
እሱ መረቡን ይቋጥራል።
ታንኳው አልሰጠመም።

ዘንድሮም ሰኔ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣
ፋይሌ ላይ፣ እንደ ወትሮው፣ በዚያው ቀዳዳ ይንጠባጠባል።
ማስመሪያዬን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።
ከመደቧ ፊት ለፊት «አራት ሺህ ስድስት መቶ ብር» ብዬ ጻፍኩት፦
ወረቀት፣ ብሩሽ፣ ሦስት ዓይነት ቀለም።
ለሙዚቃው ዘንድሮም የለም፤
እዚያ ድረስ አልደፈርኩም።

«ይቆርጡታል» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው።
«ይቁረጡት» አልኩ። «ለመቁረጥ እንኳ ያነቡታል።»

ቢቆርጡትም ደግሞ፣
በቁጥሬ ላይ የሚያሰምሩት ያው ሰረዝ ነው፤
ምንታምር ከሰሏን ይዛ
በረንዳው ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ቆማለች።